ደበሌን ለምን ገደላችሁት

ተጠያቂው ፊልሞን ሙሴ ነው። የወንድሜ የሙሴ ልጅ ነው፤ በእጄ ያጠብኩት፣ በጀርባዬ ያዘልኩት ልጅ ነው። የምጠይቀው ልጄ ስለሞተ አይደለም። ልጄ ሚኪያስ በቀለ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በኖርዌይ አገር በርገን በምትባል ከተማ ሞተ። እኔ የሰማሁት መጋቢት 22 ነው። የእኔ ክስ በመካከሉ ያሉት አምስት ወራት ናቸው።

ደብዳቤዎቹን በቀናቸው አስቀምጫለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ አንድ ዓመቴ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የጎልማሶች ክፍል ነው። ስለዚህ ደብዳቤ በቀጥታ አልጽፍም፤ መጀመሪያ በደብተር እጽፋለሁ፣ ከዚያ እገለብጣለሁ። የእኔዎቹ ከደብተሩ የተወሰዱ ናቸው። ስልክ አልነበረም ወይ ለሚለኝ ሰው፣ አንዱ ጆሮዬ ከዘጋ ቆይቷል፤ ሌላው የሚሰማው ሰው ፊቴ ቆሞ ሲናገር ብቻ ነው።

የአባቴ የደበሌ ዘር የሆነ ሁሉ ያንብበው።

ፅጌ ደበሌ
ሐዋሳ፣ ታቦር

በርገን፣ መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ፅጌ ደበሌ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽ፣ ዓይንሽ፣ ጎረቤቱ፣ ጉባኤው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዝናቡም ደህና ነው፤ ከመጣሁ ጀምሮ አላቋረጠም።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከበፊቱ ረዝሟል። ስድቡም ጨምሯል፤ ጽሕፈት እየገባሽ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ ልግባ። ፊልሙ ሊሠራ ነው። እዚህ ያለ የወጣቶች ማዕከል "የታቦር መንኮራኩር" የተባለውን የጠፈር ድርሰቴን ትርጉም አንብቦ ወደደው። ሥዕል እየተንቀሳቀሰ የሚሄድ ፊልም ነው፤ ንግግሩ በአማርኛ ይሆናል። ሃያ ሦስቱን ክፍል በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ለመክተት ፊልሞን ይጽፋል፣ እኔ እጣላለሁ። ትናንት መንኮራኩሯ ውስጥ ቆጮ የሚቀብሩበትን ክፍል ላውጣው አለኝ። "ፈረንጅ አይገባውም" አለ። "ካልገባው ይጠይቅ፤ እኛም የእነሱን የደረቀ ዓሣ ጠይቀን ነው የበላነው" አልኩት። ቆጮው አልወጣም።

የለመንሽኝን አልረሳሁም። "ሌላውን ቀይሩ፣ ደበሌ ግን እንዳይሞት" ብለሽ የጻፍሽውን ቆርጬ አልጋዬ ራስጌ ለጥፌዋለሁ። ይኸው በጽሑፍ ቃሌን ሰጠሁሽ፤ መንኮራኩሯ ትቃጠል፣ አብራሪዋ ዮዲት ትሙት፣ መካኒኩ ደበሌ አይሞትም። የአያቴን ስም ሰጥቼው እንዴት እገድለዋለሁ?

ሥራው ያው ነው። እኔና ፊልሞን በፈረቃ የመርከብ ጎን እንፍቃለን፣ ቀለም እንቀባለን፤ በገመድ ተንጠልጥለን። ከታች ባሕር፣ ከላይ ዝናብ። እኔ ደበሌ ነኝ፣ ይህ ጠፈር ነው እላለሁ፤ ሰዓቱ ይሄድልኛል።

ጉልበትሽን እስማለሁ።

ልጅሽ ሚኪያስ

ሐዋሳ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሚኪያስ በቀለ፣

መውጣትህንና መግባትህን የሚጠብቅ ጌታ አይተኛብህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴንም የበላው ስወለውለው የኖርኩት የዩኒቨርሲቲው ሲሚንቶ ነው፣ የማንም ጥፋት አይደለም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ በባጃጅ መጣች። ብሌን ትባላለች፣ የደሴ ልጅ ናት፣ ፊዚክስ ሦስተኛ ዓመት። ሃያ ሦስቱን ክፍሎች ፎቶ ኮፒ አስደርጋ በክር ሰፍታ እንደ መጽሐፍ ይዛለች።

"የደራሲው እናት እርስዎ ነዎት?" አለችኝ።

"እናቱስ ነኝ። ደራሲ መሆኑን ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው።"

"እንዴት?"

ነገርኳት። የመጀመሪያውን ክፍል የወንዶቹ መኝታ ቤት በር ላይ ስትለጥፈው ፍቄ ያነሳሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ወረቀት መለጠፍ ክልክል እንደነበር፣ እኔም ማንበብ እንደማልችል፣ ባልዲ ውስጥ እንደጨመርኩት። ቤት ስገባ "እማ፣ አንድ ነገር ለጥፌ ነበር፣ ማን እንዳነሳው እንጃ" ስትለኝ "አንተ ነህ እንዴ ሥራ የምታበዛብኝ?" እንዳልኩህ። ሳቀች፣ ወዲያው ዓይኗ እንባ ሞላ። የዘንድሮ ልጆች ሁለቱን አንድ ላይ ያደርጋሉ።

ጥያቄ አላት፤ እንድጽፍልህ ለመነችኝ። ሰው የወደደውን ታሪክ ፊልም ስታደርጉ የምትቀንሱትን በምን ትመርጣላችሁ ትላለች። የምትፈራው ቀልዱን እንዳታወጡት ነው። ደግሞ ስለ ጠፈር ጉዞ አደጋ አጥብቃ ጠየቀች። ክብደት በሌለበት ቦታ ስድስት ወር የቆየ ሰው አጥንቱ ይሳሳል፣ ጡንቻው ይከሳል አለችኝ፤ ታዲያ አራት ዓመት የተጓዘ ደበሌ በምን አቅሙ መዶሻ ያነሳል? ከፀሐይ የሚመጣውን ጨረርስ በምን መከቱት? በእንሰት ቅጠል ነው እንዳይለኝ ብላለች።

የመጨረሻው ጥያቄ የእኔ ነው። መንኮራኩር ውስጥ ሰው ቢሞት ምን ያደርጉታል? የት ይቀብሩታል? ብሌንን ብጠይቃት "እሱ እንኳ የተወሰነ አይመስለኝም፣ እማማ" አለችኝ። አንተ ሳታውቀው አትቀርም። ጻፍልኝ።

ሹራብ እየሠራሁልህ ነው። ደረትህ ስፋቱ ከተለወጠ ንገረኝ።

እናትህ ፅጌ

በርገን፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ፅጌ ደበሌ፣

የከበረ ሰላምታዬ ካለሁበት ሩቅ አገር በእግዚአብሔር ስም ይድረስዎት። ጤናዎ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው? አባቴና እናቴ እየመጡ እንደሚጠይቁዎት አምናለሁ።

ይህን ደብዳቤ በእኔ እጅ ተጽፎ ሲያዩት እንዳይደነግጡ እለምንዎታለሁ። ሚኪያስ ሥራ ላይ ቀኝ እጁ ስለተጎዳ መጻፍ አልቻለም። ለፊልሙም ጉዳይ ራቅ ወዳለ ወደ ሰሜን ሄዷል። ስለዚህ ለጊዜው እኔ እጽፍልዎታለሁ።

ብሌን የተባለችውን ልጅ ያመስግኑልን። ሰው የወደደውን ታሪክ ሲቀይሩ መጀመሪያ የሚቀነሰው የተደጋገመው ነው፤ ያ ቀላል ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀነሰው ራሳችን የምንወደው ነው። ቀልዱን አናወጣም። ስለ አጥንቱ ትክክል ብላለች፤ ስለዚህ ደበሌ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ወገቡን በጎማ ታስሮ እንዲሮጥ አድርገናል፣ እየሮጠም ይሳደባል። ጨረሩን በውሃ ነው የመከትነው፤ የሚጠጡት ውሃ በመኝታቸው ግድግዳ ውስጥ ነው የተቀመጠው።

የእርስዎን ጥያቄ ግን መመለስ አልቻልኩም፣ አክስቴ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት።

አንድ ነገር ልለምንዎት። የሚኪያስ ፎቶ ቢኖርዎት ይላኩልኝ። ለፊልሙ ማስታወቂያ ይፈለጋል። ፊቱ በደንብ የሚታይበት ይሁን።

የወንድምዎ ልጅ ፊልሞን

ሐዋሳ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፊልሞን ሙሴ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። አባትህ ስለሚመርቅህ የእኔን ምርቃት አሳጥሬዋለሁ።

ቀኝ እጁ ተጎዳ ብለሃል። ሚኪያስ የሚጽፈው በግራው ነው። አንደኛ ክፍል ሳለ መምህሩ ግራ እጁን በማስመሪያ ሲመታው ሄጄ የተጣላሁት እኔ ነኝ፤ አንተም አንድ ወንበር ላይ አብረኸው ነበርክ። ይህን እንዴት ትረሳለህ? ቸኩለህ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ግራው ደህና ከሆነ ግን ሁለት መስመር ይጻፍልኝ። ገንዘብ ከወትሮው አብልጣችሁ ልካችኋል፤ እኔ ገንዘብ አልጠየቅሁም። ሁለት መስመር።

ፎቶው ይኸው። የተመረቀ ዕለት ነው፤ እሱ ጥቁር ጋዋን፣ እኔ የጽዳት ሰማያዊ ጋዋን። ፈረቃዬ ስላላለቀ ሳልቀይር ነው የተነሳሁት። ያለኝ ይህ ብቻ ስለሆነ መልሱልኝ።

ባለፈው እሁድ ለምስክርነት ተነሳሁ። እኔ ጉባኤ ፊት ቆሜ አላውቅም። ልጄ ፊልም ሊሠራለት ነው፣ እጁን ታሞ ነበር፣ ጌታ እየማረው ነው፣ አመስግኑልኝ አልኩ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ቆይተው አሜን አሉ፤ ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ፣ ሳንቲም እንደተቸገረ ሰው። እናትህ ሮማን ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። ቅናት ነው አልኩ። የአንተንም ስም ጠርቻለሁ እኮ።

ጎረቤቱ ሰሞኑን ደግ ሆኗል። ምግብ ያመጡልኛል፣ ዝም ብለው ይቀመጡና ይሄዳሉ። አባትህ ሙሴም በየሳምንቱ ይመጣል፤ "ምን ሆነሃል?" ብዬ ብጠይቀው "ጨጓራዬ ነው" ይላል። የፊልም ሰው እናት መሆን ጥሩ ነው ማለት ነው።

ለሚኪያስ ሹራቡን በዮዲት እጅ ልኬለታለሁ፤ በጥር ወደዚያ የምትመጣው የመዘምራኗ ልጅ ናት። የእኛን የመንኮራኩር አብራሪ ስም ስለያዘች ታደርሳለች ብዬ አምኛታለሁ።

አክስትህ ፅጌ

በርገን፣ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ፅጌ ደበሌ፣

የሰላም አምላክ በቤትዎ ይሁን። ሹራቡ ደርሷል። ልኩ ልክ ነው።

ስለ እጁ የጻፍኩት ስህተት ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የእሱን ሁለት መስመር በተመለከተ እባክዎ ትንሽ ይታገሡኝ።

ዛሬ የምጽፍልዎት ስለ ፊልሙ ነው። ታሪኩን ብዙ አሰብኩበት። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍል ደበሌ ከመንኮራኩሯ ውጭ ወጥቶ የተሰበረውን አንቴና ጠግኖ እየዘፈነ ይመለሳል። በፊልሙ ግን አይመለስም። ማሰሪያው ይከፈታል። ማንም ምንም ሊያደርግለት አይችልም። ዮዲት በመስኮት ታየዋለች፣ እያነሰ እያነሰ ይሄዳል። አይሠቃይም፤ ይህን በግልጽ አሳይተናል።

ብሌን ስለ ጠፈር ጉዞ አደጋ የጠየቀችው ልክ ነው። አደጋ አለ እያልን ማንም የማይሞትበት ታሪክ ብንሠራ ውሸት ይሆናል። ሚኪያስም የሚቃወመኝ አይመስለኝም።

ይህን አስቀድሜ የነገርኩዎት ፊልሙ ላይ ድንገት እንዳያዩት ብዬ ነው። ካነበቡት በኋላ ያልቅሱለት፤ አይፈሩ። በሚመጣው ክረምት ወረቀቴ ካለቀልኝ እመጣለሁ፣ ፊት ለፊት እናወራለን። እስከዚያው ልብዎን ያበርቱ።

ፊልሞን

ሐዋሳ፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፊልሞን፣

ደብዳቤህን አነበብኩት፤ ለብሌንም አነበብኩላት። ደበሌን ለምን ገደላችሁት?

የሚኪያስ የመስከረም ደብዳቤ እጄ ላይ ነው። "ደበሌ አይሞትም" ይላል፣ በራሱ እጅ። አንተ ደግሞ "የሚቃወመኝ አይመስለኝም" ትላለህ። ምን ማለት ነው አይመስለኝም? አብራችሁ አይደለም የምትኖሩት? ጠይቀው።

ብሌን ደግሞ ይህን ይጻፉለት ብላለች። ከመንኮራኩር የሚወጣ ሰው ሁለት ማሰሪያ አለው፤ አንዱን ሳያስር ሌላውን አይፈታም። ይህን ለዮዲት ያስተማራት ራሱ ደበሌ ነው፣ ሰባተኛው ክፍል ላይ። "አንቺ ልጅ፣ ፈትተሽ አትሰሪ፣ አስረሽ ፍቺ" ይላታል። ሰው የራሱን ሕግ እንዲህ በቀላሉ አያፈርስም። እናንተ ደራሲዎች ገመድ የምትፈቱት ማልቀሻ ሲጎድላችሁ ነው አለች። እኔ ደግሞ እላለሁ፣ ዮዲት በመስኮት ከምታየው ለምን አልወጣችም? አራት ዓመት ያበላት ሰው ነው። መንኮራኩሯ ላይ ያለችውን ትንሿን የጠፈር ጀልባ አውርዳ ትከተለው። ነዳጁ ቢያልቅ ይለቅ። ሞክራ ቢያቅታት ይገባኛል፤ አንተ ግን መስኮት ላይ አቁመህ አስለቀስካት።

ደበሌ አባቴ ነው፣ ያንተም አያትህ ነው። ቡሹሎ ሰፈር ብስክሌት ሲጠግን ሰው የተነፈሰ ጎማ ይዞ መጥቶ እየሳቀ ይመለስ ነበር። አንድ ጊዜ ቀብሬዋለሁ። ሁለተኛ በፊልም አልቀብረውም፣ አላለቅስለትም።

"ልብዎን ያበርቱ" የምትባለው የታመመ ሰው እናት ናት። ሚኪያስ ታሟል? ከታመመ ጻፍልኝ፤ የመጣውን እችላለሁ፣ ብቻዬን ነው ያሳደግሁት። ካልታመመ ደግሞ ደበሌ ይሙት ብሎ በግራ እጁ ይጻፍልኝና ዝም እላለሁ።

ፅጌ

ሐዋሳ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፊልሞን፣

ባለፈው ሰኞ በዘጠኝ ሰዓት ልብስ ሳሰጣ ብሌን ከባጃጅ ወርዳ እየሮጠች መጣች። "እማማ፣ የፊልሙ ማስታወቂያ ወጣ!" አለች። ስልኳ ላይ አሳየችኝ። የታቦር ኮረብታ አለ፣ ከላዩ መንኮራኩሯ፣ ከጎኗ ደበሌ በገመድ። ልጅቱ ሥዕሉን እያየች ትዘላለች።

ከታች ትንንሽ ጽሑፍ ነበር። እሷ አላየችውም፤ ጽሑፍ የጠገበ ሰው ትንንሹን ያልፋል። እኔ አላልፍም። ዘግይቶ የተማረ ሰው የሳሙና መጠቅለያ እንኳ አንብቦ ነው የሚጥል። "ያዥልኝ፣ ላንብበው" አልኳት። በጣቴ እየተከተልኩ ጮክ ብዬ አነበብኩ። መታሰቢያነቱ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሥራ ላይ ሳለ በሞት ለተለየን ለደራሲ ሚኪያስ በቀለ ይላል። የተሳሳትኩ መስሎኝ እንደገና ከመጀመሪያው አነበብኩት። አልተሳሳትኩም። ከጎኑ ፎቶው አለ፣ ጥቁሩ ጋዋን። ትከሻው ላይ የእኔ ጣቶች ቀርተዋል፣ እኔን ቆርጣችሁኛል።

ሰው መርዶ ሲረዳ ሴቶች ይይዙታል። እኔን የያዘችኝ የሃያ ዓመት ልጅ ናት፣ እሷም ከእኔ እኩል ነው የሰማችው።

ወደ አባትህ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፈተና ፊቴን አየ። "ምን ሆንሽ?" አላለኝም። "ማን ነገረሽ?" አለኝ።

በርገን፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ፣

ሰላምታ ለመጻፍ አፍ የለኝም። የሆነውን ልንገርዎት።

ጥቅምት 11 ፈረቃው የእኔ ነበር። የወጣቶች ማዕከሉ ሰዎች ስለ ፊልሙ ሊያነጋግሩኝ በዚያው ሰዓት ቀጠሩኝ። ሚኪያስ "አንተ ትሻላለህ፣ እኔ ከሰው ጋር መከራከር አልችልም፤ ሂድ፣ እኔ እገባልሃለሁ" አለኝ። ይዘንብ ነበር። ከመርከቡ ጎን ሲዛወር ማያያዣው ተከፈተ። ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ነው። ሲያወጡት አልፎ ነበር። እኔ በዚያን ሰዓት ስለ ቆጮው ክፍል እየተከራከርኩ ነበር። ተሸንፌ ከፊልሙ አወጣሁት።

ለአባቴ የዚያኑ ዕለት ደወልኩ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ብቻዋን ናት፣ ልቧ ደካማ ነው፣ ፊልሞን ራሱ መጥቶ ይንገራት ብለው ወሰኑ። እኔም ለገና እመጣለሁ አልኩ። ወረቀቴ አላለቀም። ለጥምቀት አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ በየካቲት ወረቀቱ አልቆ ነበር። ቲኬት ቆርጬ መልሻለሁ። የእርስዎን በር ማንኳኳት አልቻልኩም።

ደበሌን የገደልኩት ለዚህ ነው። በአገራችን መርዶ በአንድ ጊዜ አይነገርም፤ መጀመሪያ አሞታል፣ ቀጥሎ ጠንቶበታል ይባላል። እኔ ያንን በፊልሙ ያደረግሁት መሰለኝ። ለደበሌ ሲያለቅሱ ልብዎ ቀስ ብሎ ይለምደዋል አልኩ። እርስዎ ግን ስለ ገመዱ ተከራከሩኝ። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ አነበብኩት፤ "ፈትተሽ አትሰሪ" የሚለው ጋ ስደርስ ቁጭ አልኩ። ማስታወቂያው ሐዋሳ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም። አለማሰብ ነው እንጂ ሌላ ምን እላለሁ።

የት ይቀብሩታል ብለው ነበር። ከከተማው በላይ ኮረብታ ላይ ነው። ባሕሩ ይታያል። ሹራቡ ሲደርሰኝ እዚያ ወሰድኩት፣ ግን ዝናብ ስለነበር መልሼ አመጣሁት።

ፊልሙን ላቁመው ወይስ ልቀጥል? ደበሌን መልሰው ካሉኝም እመልሰዋለሁ። ይፍረዱብኝ።

ፊልሞን

ሐዋሳ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፊልሞን፣

ፈረቃውን አልጠይቅህም። ልጄ ወዶ ገባልህ። እሱን ከአንተ ብጠይቅ የልጄን ደግነት መንጠቅ ይሆንብኛል። አንተም እሱን እንደ ጋሻ አትያዘው፤ በዚያ መመታት የምትፈልገው ሌላውን ለመርሳት ነው።

የምጠይቅህ ሌላውን ነው። ለሞተ ሰው ሹራብ ሠርቻለሁ፣ ደረቱ ሰፍቶ ይሆን ብዬ ሁለት ጊዜ ፈትቻለሁ። ስለሌለ እጅ ጾሜ ጸልያለሁ። ጉባኤ ፊት ቆሜ ስለ ሬሳ አመስግኑልኝ ብያለሁ፣ እነሱም አሜን ብለዋል። ለልጄም ይድረሰው እያልኩ በጥር ወር የሰው ሰርግ ላይ አጨብጭቤያለሁ። እናቱ ነኝ፣ መሬት ሲቀበለው ስሙን የሚጠራው ሌላ ሰው ነበር።

ድንኳን ተተከለልኝ። ሦስት ቀን ሰው ሞላ። ግን የሰዉ እንባ አልቆ ነበር። ጥቅምት ላይ አባትህ ቤት ተሰብስበው አልቅሰውታል፣ እኔ በዚያ በር አልፌ ገበያ ሄጃለሁ። መጋቢት ላይ ለቅሶው አዲስ የሆነው ለእኔ ብቻ ነበር። ሻይ እያዞሩ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ሲያወሩ ሰማሁ። በጎ ጆሮዬ በኩል ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር።

ብሌን አሁንም ትመጣለች። "እኔ ነኝ ያረዳሁዎት" እያለች ራሷን ትበላለች። "ከእነዚህ ሁሉ ያልዋሸሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ" አልኳት። ሃያ ሦስቱን ክፍሎች ከመጀመሪያው አብረን እያነበብን ነው፤ እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትሰማለች። ከምስጢራችሁ ሁሉ የሚጠቅመኝ ይህ ሆነ።

ስለ ፊልሙ ጠይቀሃል። ደበሌን አትመልሰው። የሞተ ሰው ለአምስት ወር ሕያው ሆኖ ሲቆይ አይቻለሁ፣ ምንም አይጠቅምም። ቆጮውን ግን መልስ፤ ልጄ የተጣላበት ነው። ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ይህኛው እንደ አንባቢ ነው። ደበሌ መሬት ላይ ሚስት አለችው፣ አምስተኛው ክፍል ላይ በሬዲዮ ይጣላሉ። በአንተ ፊልም ለእሷ ማን ነገራት? በስንተኛው ቀን? የፊልሙን ጽሑፍህን ብሌን ከኢንተርኔት አግኝታ አነበብንልህ፣ ይህ የለበትም። እሷ ምድር ላይ ሆና በየማታው ሬዲዮኑን ከፍታ ዛሬ ለምን አልሰደበኝም እያለች ነው። ጻፈው። በዚያው ቀን ይንገሯት። ሌላው ሁሉ እንደፈቀድክ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም፣ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ እንደ አባትህ እሆናለሁ። የእድራችን ሴቶች መርዶ ለመናገር በማለዳ ሲሄዱ ከፊት የምሄደው እኔ ነበርኩ። እጄ ጠንካራ ነው፣ የምትወድቅ ሴት እይዛለሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሐዳሳን፣ ከእኛ ቤት ታች ያለችውን፣ ወንድሟ ሞቶ ሃያ ቀን ደብቀናታል። በዚያ ሃያ ቀን ውስጥ አብሬያት ሽንኩርት ገዝቻለሁ፣ ቀልጄ አስቄያታለሁ። ሰሞኑን ሄጄ "ያን ጊዜ ታስታውሺዋለሽ?" አልኳት።

"ሽንኩርቱን ነው?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ያን ሳቅ ነው የማልረሳው። ወንድሜን ጌታ ወሰደው፣ ያን ሳቅ ግን አንቺ ነሽ ያሳቅሽኝ።"

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰላም እያለችኝ ኖራለች። እኔ ላንተ ዘጠኝ ዓመት የለኝም፣ ስለዚህ አሁኑኑ ጻፍኩልህ።

ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ የእድሩ ሴቶች ቤቴ መጡ። የጎረቤታችን የቤተልሔም እናት ሶዶ ላይ አርፈዋል። "እህቷ ከአዲስ አበባ እስክትመጣ እስከ ቅዳሜ አትስማ፤ ቅዳሜ ማለዳ እንደ ወትሮው አንቺ ከፊት ትሆኛለሽ" አሉኝ። ነጠላዬን ለበስኩና ሐይቅ ዳር ወደምትሠራበት ሆቴል ሄድኩ። ከኩሽና አስጠርቼ፣ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ሁለት እጇን ይዤ ነገርኳት። ጮኸች፣ ያዝኳት። ማታ በመጨረሻው መኪና ሶዶ ገብታ በማግስቱ እናቷን በእጇ ቀበረች።

ሴቶቹ አኩርፈውኛል፤ ወግ አፈረሰች ይላሉ። ያኩርፉ። ከእድሩ ይፋቁኝ። እኔ ከእንግዲህ የማውቀውን ሞት ይዤ ከማታውቅ ሴት አጠገብ አልቀመጥም።